ስለ ስፓይዌርና ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከኮምቦልቻም የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ጠረጴዛዬ ላይ በየሳምንቱ የሚነሡ ናቸው፤ የጠያቂዎቹን አነጋገር ብዙም አልነካሁትም። መልሱ ቤት ውስጥ ላለና ዊንዶውስ ለተጫነበት ኮምፒውተር ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የራሱ ባለሙያ አለው፤ ምንም ሳይነኩ ለእሱ ይንገሩት።

ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆኖ «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል» እያለ ይጮሃል። ምን ላድርግ?

አብሽሩ። አብዛኛውን ጊዜ ገና ምንም አልተነካም። የሚያዩት ነገር ስክሪኑን ሞልቶ እንዲሸፍን የተሠራ ድረ ገጽ ነው እንጂ ከኮምፒውተርዎ የመጣ መልእክት አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸውን ክፍት እንዳለ በነጠላቸው ሸፍነው ይዘውት መጡ። ድምፁ ከደረጃው ሥር ጀምሮ ይሰማል፤ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ አንድ ስልክ ቁጥር ደጋግማ ታነባለች። «ካጠፋችሁት ፋይሉ በሙሉ ይወድማል ይላል ስትለኝ ልጄ፣ መዝጋቱን ፈራሁ» አሉ። ስክሪኑ ላይ የ«ሲ» ድራይቭ (ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ) ሥዕል ተቀምጧል፤ ሥሩ አረንጓዴ መስመር እየሮጠ ፋይል የሚቆጥር ይመስላል። የገጹን አድራሻ በስልኬ ከፈትኩት (እርስዎ ይህን አይሞክሩት)። የእኔም ስልክ፣ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር የሌለው አንድሮይድ ሆኖ ሳለ፣ «ሲ ድራይቩ» ላይ 5 ቫይረስ ተገኘበት። መምህርቷ ሳቁ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ድረ ገጽ ኮምፒውተር ውስጥ ዘልቆ ፋይል መፈተሽ አይችልም፤ ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም፣ ክሮም ወይም ኤጅ) ራሱ ይከለክለዋል። «ፈትሼ አገኘሁ» የሚልዎ ገጽ ለሁሉም ሰው ያንኑ ሥዕል ነው የሚያሳየው። ስልክ ቁጥሩም ሌላው ምልክት ነው፦ የማይክሮሶፍት የስሕተትና የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ይህን ኩባንያው ራሱ በይፋ ደጋግሞ ተናግሯል።

አዘጋጉ እንዲህ ነው። መስኮቱ ላይ ያለ ምንም ነገር አይጫኑ፤ «ካንስል» የሚለውም፣ የመዝጊያ ኤክስ የሚመስለውም የሥዕሉ አካል ሊሆን ይችላል። «ኢስኬፕ» ቁልፍን ተጭነው ጥቂት ሴኮንድ ያቆዩት፤ ገጹ ወደ መደበኛ መጠኑ ሲመለስ ታቡን ይዝጉ። እምቢ ካለ «ኦልት» እና «ኤፍ 4»ን አንድ ላይ። አሁንም እምቢ ካለ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ»ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ክሮም ወይም ኤጅ የሚለውን መርጠው «ኤንድ ታስክ» ይበሉ። ብራውዘሩን መልሰው ሲከፍቱ «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ካለዎ አይፍቀዱለት፤ አለዚያ ያው ጩኸት ተመልሶ ቁጭ ይላል።

ብራውዘር ሳልከፍት ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከታች፣ «ማስጠንቀቂያ! ቫይረስ!» የሚል ትንሽ ሳጥን ይወጣል። ይሄስ?

ከሁሉም የሚበዛው ይኸኛው ነው፤ ማስወገዱ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሆነ ቀን ፊልም ወይም ኳስ ሊያዩ የገቡበት ገጽ «ለመቀጠል ‹አላው› (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ» ብሎዎታል። ያ ቁልፍ ቪዲዮውን አልከፈተም፤ ገጹ በፈለገው ሰዓት ማሳወቂያ እንዲልክ ፈቃድ ሰጠው። ቫይረስ ስላልሆነ ስካን ቢያደርጉ ምንም አይገኝም። ሰዎች «አንቲቫይረሴ አይሠራም» ብለው ደምድመው ሌላ ሐሰተኛ የሚጭኑት እዚህ ላይ ነው።

ክሮም ላይ ከሆኑ ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ይግቡ። ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ተደርድረው ያገኟቸዋል፤ የማያውቁትን ሁሉ ያስወግዱ። እኔ እንዲያውም ገጾች ፈቃድ እንዳይጠይቁ አድርጌ ነው የምዘጋው። እስካሁን «ማሳወቂያው ቀረብኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለም።

ስፓይዌር ከቫይረስ በምን ይለያል?

ቫይረስ ራሱን ያባዛል፤ ከፋይል ወደ ፋይል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዛመታል። የስፓይዌር ሥራ መሰለል ነው፦ የሚተይቡትን፣ ብራውዘር ላይ ያስቀመጡትን ፓስወርድ፣ የሚከፍቱትን ገጽ ለሌላ ሰው ይልካል። ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ደግሞ ጤነኛውን ታመሃል ብሎ መድኃኒት የሚሸጥ ነው። እኛ ጥገና ቤት ውስጥ ሦስቱንም «ቫይረስ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ ለጨዋታ ያህል ይሁን።

ሐሰተኛ አንቲቫይረስ መሥራት ምን ይጠቅማቸዋል?

ብዙ ገንዘብ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. «ዊንፊክሰር»ና «ኤክስፒ አንቲቫይረስ» የመሳሰሉ ፕሮግራሞችን ይሸጡ የነበሩ ሰዎችን ከስሷል፤ የተታለለው ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ኮሚሽኑ ገልጾ ነበር። አሠራሩ ያው ነው፦ ነጻ ፍተሻ መስሎ ይቀርባል፣ ሁልጊዜ ችግር «ያገኛል»፣ ለማጽዳት ወደ 40 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የወሰነው ገንዘብ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እዚህ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ክፍያው ላይ አይሳካላቸውም። ችግሩ ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ ይዞት የሚመጣው ስፓይዌር ካርድ አለመጠየቁ ነው።

እውነተኛውን አንቲቫይረስ በምን ልወቀው?

በአመጣጡ። እርስዎ ፈልገው ሄደው ያመጡት ነው ወይስ እሱ ራሱ በርዎን አንኳኩቶ የመጣ? ሳይጠሩት የመጣውን ምንም ቢመስል አይጫኑት። ስሙ ከታወቀ ስም ጋር ቢቀራረብ፣ የጋሻ ሥዕል ቢኖረው፣ በአማርኛ ቢያናግርዎ እንኳ።

እውነተኛው ዝምተኛ ነው። አንድ ነገር ሲይዝ የፋይሉን ስምና የተገኘበትን ቦታ ይነግርዎታል፣ ለብቻው ያስረዋል፣ ነገሩ አለቀ። ሐሰተኛው ቁጥር ብቻ ይጠራል፦ 37፣ 112፣ 1,248። «በ3 ደቂቃ ውስጥ» እያለ ሰዓት ይቆጥርብዎታል። ዝርዝር ሲጠይቁት «መጀመሪያ ክፈል» ነው መልሱ።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮ የተጫነ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ጊዜውም አያልቅም። ለቤት ሰው ይበቃል ባይ ነኝ። «ፒሲ ክሊነር»፣ «ድራይቨር አፕዴተር»፣ «ስፒድ ቡስተር» የሚባሉትን ደግሞ፣ ሐሰተኛ ያልሆኑትንም ጭምር፣ አልጭንም። ሁሉም ሐሰተኛ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ማስፈራራቱን ግን ከዘመዶቻቸው ተምረዋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ «ማካፊ ጊዜው አልፏል» ይላል። ይህም ውሸት ነው?

ይህ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተራቸው የተዘረፈባቸው ብዙ ደንበኞች አሉኝ፤ አብዛኞቹ የተኩት ከውጭ በመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ማካፊና ኖርተን ከፋብሪካ ጀምሮ ለሙከራ ተጭነው ይመጣሉ፤ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ክፈሉ ይላሉ። የመክፈል ግዴታ የለብዎትም። «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ» ውስጥ ገብተው ያንሡት፤ ሲነሣ ዲፌንደር ራሱ ቦታውን ይይዛል።

መለያው ይህ ነው፦ ማካፊ የሚባል ፕሮግራም «አፕስ» ዝርዝር ውስጥ ከሌለ «ማካፊ አልቋል» የሚለው መልእክት የመጣው ከላይ ካነሣሁት የብራውዘር ማሳወቂያ ነው። በማካፊ ስም የሚነግድ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ላፕቶፔ ተንቀራፏል። ስፓይዌር ገብቶበት ይሆን?

መንቀራፈፍ ብቻውን ምንም አይናገርም። 4 ጊጋ ራም ላይ ሃያ ታብ ተከፍቶ፣ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ሲጨመርበት፣ ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ማንኛውም ማሽን ይንቀራፈፋል። እኔን የሚያስጠረጥሩኝ እነዚህ ናቸው፦ የብራውዘሩ መነሻ ገጽ ሳይነኩት ከተለወጠ፤ ጎግል ላይ ሲፈልጉ ስሙን ወደማያውቁት ገጽ ከወሰድዎ፤ ቴሌግራም ላይ እርስዎ ያልጻፉት መልእክት ለወዳጆችዎ ከደረሰ፤ የኢንተርኔት ጥቅልዎ ማንም ሳይጠቀም ካለቀ (ይህ ግን የዊንዶውስ አፕዴትም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አይፍረዱ)።

ከሁሉም የሚከብደው ዲፌንደር ጠፍቶ ሲያገኙትና ላብራው ሲሉ «ይህ በአስተዳዳሪዎ የተያዘ ነው» የሚል ጽሑፍ ሲያሳይዎ ነው። ክሮምም በቤትዎ ኮምፒውተር ላይ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» ካለ እንደዚሁ። ቤትዎ ድርጅት አይደለም፤ ሌላ አለቃ ገብቶበት ይሆናል።

እሺ፣ ገብቷል። ራሴ ላስወግደው እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ግማሽ ቀን ይመድቡ።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ዋይፋይ ይዝጉ ወይም የስልክዎን ሆትስፖት ያጥፉ። ሰላዩ የሚልክበት መንገድ ይዘጋል። ከዚያ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ» ይግቡና ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ያስደርድሩት። ችግሩ የጀመረበትን ሳምንት ካስታወሱ ሌባው ብዙ ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል፦ አንድ «ፒዲኤፍ» የሚል ስም ያለው፣ አንድ «ዌዘር» የሚል፣ አንድ እርስዎ ፈጽሞ የማያውቁት ብራውዘር። ያንሷቸው። ሲነሡ «እርግጠኛ ነህ? ኮምፒውተርህ ይጋለጣል» ብለው ቢለማመጡ አይስሟቸው።

ቀጥሎ ብራውዘሩ። «ኤክስቴንሽንስ» (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ውስጥ ገብተው የማያስታውሱትን ሁሉ ያጥፉ፤ ከዚያ ሴቲንጉን «ሪሴት» ያድርጉት። ቡክማርክዎ አይጠፋም። ታስክ ማናጀር ከፍተው «ስታርትአፕ» የሚለው ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ይመልከቱ፤ የማይታወቀውን «ዲስኤብል» ይበሉ። ተሳስተው ቢያጠፉ መልሰው ማብራት ስለሚችሉ እዚህ ላይ መፍራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዲፌንደር። በስታርት ሜኑ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለው ይፈልጉ። ከመፈተሽዎ በፊት ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ቦታ ይዩልኝ፦ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ሥር «ማኔጅ ሴቲንግስ» ገብተው ወደ ታች ሲወርዱ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ። እዚያ የተመዘገበ ፎልደር አይፈተሽም። ስፓይዌሩም፣ ክራኩም (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍተው) ራሳቸውን እዚህ ያስመዘግባሉ። ጠቅላላው «ሲ» ድራይቭ ተመዝግቦ ያገኘሁበት ላፕቶፕ ነበር፤ ባለቤቱ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ስካን ያደርግ ነበር፣ ምንም አይገኝም። እርስዎ ያላስገቡትን ሁሉ ከዚያ ያውጡ።

ኢንተርኔቱን ለጥቂት ደቂቃ መልሰው ዲፌንደሩን አፕዴት ያድርጉና እንደገና ይዝጉት። «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን»ን ያስጀምሩ። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነና መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው የሚነሣው፣ ስለዚህ መብራቱ የሚረጋበትን ሰዓት ይምረጡ። ሲጨርስ እዚያው ዝርዝር ላይ ያለውን «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ይጠፋና ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ ወደ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ዊንዶውስ ሲነሣ አብረው ነቅተው የሚደበቁትን እንደተኙ የሚይዛቸው እሱ ነው።

ሁለተኛ ዓይን ከፈለጉ ማልዌርባይትስ የሚባለው ፈታሽ ፕሮግራም ነጻው ይበቃል፤ ለማስታወቂያ አምጪዎች ደግሞ የዚያው ድርጅት «አድደብሊውክሊነር»። ሲያወርዱ ግን አድራሻውን ራስዎ ይተይቡ። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሐሰተኞቹም ማስታወቂያ ይገዛሉ።

ምንም ነገር አልከፍት ካለዎ «ሺፍት»ን ይዘው «ሪስታርት»ን ይጫኑ፤ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ብለው ካስነሡት በኋላ 4 ቁጥርን ይጫኑ። ይህ ሴፍ ሞድ ነው። አብዛኛው ተንኮለኛ ፕሮግራም እዚያ ስለማይነሣ ማራገፉ ይቀላል።

አጸዳሁት። ፓስወርዶቼስ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከማጽዳቱ ይበልጥ የምጨነቀው ለዚህ ነው። የዛሬ ስፓይዌር ብዙውን ጊዜ ለወራት ተቀምጦ አይሰልልም። ገብቶ፣ ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን ፓስወርድ ሁሉ ጠርጎ ልኮ፣ አንዳንዴ ራሱን አጥፍቶ ይሄዳል። «ሉማ» የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ማይክሮሶፍትና አጋሮቹ በግንቦት 2017 ዓ.ም. መረቡን ሲበጥሱት በሁለት ወር ብቻ ከ394 ሺህ በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደተገኘ ተገልጿል።

ስለዚህ ንጹሕ ከሆነ ሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ከስልክዎ፣ ፓስወርድ ይቀይሩ። መጀመሪያ ኢሜይሉን፤ የሌላው ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና። ከዚያ ፌስቡክና ቴሌግራም። ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ» ገብተው ከስልክዎ በቀር ያለውን ሁሉ ያስወጡ። ሌባው ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን የገቡበትን በር ክፍት እንደሆነ (ፓስወርድ ሳይጠየቅ እንዲገባ) ሊወስድ ስለሚችል ቀይሮ ዝም ማለት አይበቃም፤ ከሁሉም መሣሪያ ማስወጣት ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያብሩ።

አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ብሎ «ዊንዶውስ» እና «አር»ን ተጫን፣ ከዚያ «ኮንትሮል» እና «ቪ» ይላል።

አይጫኑ! ገጹ ሳያውቁት ትእዛዝ ኮፒ አድርጎልዎታል፤ በራስዎ እጅ ፔስት አስደርጎ ስፓይዌሩን ሊያስወርድዎ ነው። እውነተኛ ማረጋገጫ ሥዕል ያስመርጥዎታል፣ ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርግዎታል፤ ከብራውዘሩ ውጭ ምንም አያሠራዎትም። ተጭነው ከነበረ ከላይ ያለውን ማጽዳትም ፓስወርድ መቀየርም ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት ላስደርግ ፍላሽ ሰጥቼ፣ ቤት ስመለስ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ጠፉ ማለት ነው?

አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ጥናታዊ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነው የሚመጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ፍላሽ ሲሰኩ ውስጡ ያለ ፕሮግራም በራሱ ይነሣ ነበር። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይህ ተዘጋ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ለቀድሞዎቹም ተዘጋ። ቫይረሱ በራሱ መነሣት ሲያቅተው የእርስዎን ጣት መጠቀም ጀመረ፦ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሁለቴ ሲጫኑ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሣል። ፎልደሩ መከፈቱ ነው የሚያዘናጋው።

ስለዚህ ሾርትከቱን አይጫኑ። ፍላሹን በቀኝ ጠቅ አድርገው በዲፌንደር ያስፈትሹት። ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ»ን ያብሩ። አሁንም ካልታየ «ኦፕሽንስ» ገብተው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት ያንሡ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል፤ ጽሑፍዎም ፎቶዎም እዚያ ውስጥ ነው። ጽሑፍና ፎቶውን ብቻ ወደ ኮምፒውተርዎ ይውሰዱ፤ ሌላ የማያውቁትን ፋይል አይንኩ። ፍላሹን ፎርማት አድርገው ፋይሉን ይመልሱበት፤ ያነሡትንም ምልክት ወደ ቦታው ይመልሱ። ሾርትከቱን ቀደም ብለው ተጭነው ከነበረ ኮምፒውተሩም መፈተሽ አለበት፤ አለዚያ ነገ የሚሰኩትን ፍላሽ ያስይዘዋል።

ለወደፊቱ ፋይሉን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቴሌግራም ይላኩላቸው። የራስዎን ቴሌግራም እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማውጣት ግን ከፍላሹም ይብሳል።

ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ሁሉ ቫይረስ አለበት?

ሁሉም አይልም። ግን ክራኩን የሚያወርዱበት ገጽ መጀመሪያ የሚልዎት «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ነው። በራስዎ እጅ ዘበኛውን ካሰናበቱ በኋላ ማን እንደገባ በምን ያውቃሉ? ደንበኛ በክራክ አልሠራም ብሎ አይመጣም፤ ጥገና ቤቶችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሱኑ ነው የምንጭነው። ቢያንስ ከተጫነ በኋላ ዲፌንደሩ መብራቱንና «ኤክስክሉዥንስ» ባዶ መሆኑን ይጠይቁን። ለደብዳቤና ለሲቪ ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል።

በአማርኛ መጻፊያ ፍለጋም ብዙ ሰው ይጠመዳል። የግዕዝ መተየቢያ ሊያወርዱ ገብተው አምስት «ዳውንሎድ» የሚሉ ቁልፎች ካሉበት ገጽ ላይ ይወድቃሉ፤ አራቱ ማስታወቂያ ናቸው። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ «ላንጉዌጅ» ውስጥ ገብተው አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። አተያየቡ የለመዱት ዓይነት ካልሆነ ኪማን የተባለው በነጻ አለ።

ፎርማት ካደረግሁት አይገላግለኝም?

ይገላግላል፤ ሲመልሱት ግን ያው ክራክ፣ ያው ፍላሽ፣ ያው ብራውዘር ፈቃድ ተመልሶ ይገባል። አንድ ደንበኛዬ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ፎርማት አስደርገዋል፤ ቫይረሱ ያለው ፊልም በሚያመጡበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ ጥገና ቤት «ፎርማት ይሁን» ሲባል የቤተሰብ ፎቶ ተቀድቶ መቀመጡን ሳያረጋግጡ እሺ አይበሉ።

ሁለት አንቲቫይረስ ብጭን አይሻልም?

አይሻልም። እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ማሽኑን ያንቀራፍፋሉ። ከላይ ያነሣሁት የማልዌርባይትስ ነጻው በጠሩት ጊዜ ብቻ ስለሚፈትሽ ከዚህ አይቆጠርም።

ያለኝ ዊንዶውስ 7 ነው። ዊንዶውስ 10ስ?

ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋርጧል። ኢንተርኔት የማይነካ፣ ለጽሕፈት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ይኑር። የባንክ ነገር ግን አይክፈቱበት።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለቤት ተጠቃሚ የተራዘመው የጥበቃ አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግዎን ካስቀመጡ ያለ ክፍያ መመዝገብ ይቻላል፤ ምዝገባው «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ነው። ወደ 11 ለመሻገር ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕና በአንጻሩ አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ብዙው ያገለገለ ላፕቶፕ አያሟላም። ለእንዲህ ዓይነቱ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊነክስ ሚንት እጭናለሁ። ብራውዘርና ጽሕፈት ብቻ ለሚጠቀም ሰው ከለመደው በኋላ ልዩነቱን አያነሣውም።

ቤቴ ኢንተርኔት የለም። ዲፌንደሩን እንዴት ላድስ?

ኢንተርኔት ካለበት ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የዲፌንደር ማደሻ ፋይሉን አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ያምጡት። ከመቶ ሜጋባይት ያልፋል። ሁለቴ ተጭነው ያስነሡት፤ ምንም ሳያሳይ ሥራውን ይጨርሳል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ልጅ ያለው ሰው በወር አንዴ ቢያስመጣ ይበቃዋል።

«ከባንክ ነኝ፣ ኮምፒውተርህ ላይ ችግር አይተናል» ብሎ የሚደውል ሰው «ኤኒዴስክ» ጫን ይለኛል።

ኤኒዴስክ ራሱ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ለማሠራት የሚያገለግል ትክክለኛ ፕሮግራም ነው፤ እኔም ከኮምቦልቻ ደንበኞች ጋር እጠቀምበታለሁ። ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ቁጥር የሰጡት ሰው ግን ማውስዎን ይዞ ቤትዎ ገባ ማለት ነው። ስልኩን ይዝጉ፤ ከተጠራጠሩ ባንክዎ ቅርንጫፍ በእግርዎ ይሂዱ። አስገብተውት ከሆነ ኢንተርኔቱን ወዲያው ያቋርጡ፣ ፕሮግራሙን ያንሡ፣ ለባንክዎ ያሳውቁ። የደወለበትን ቁጥርና መልእክቶቹን አያጥፉ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ ለፖሊስ ሲያመለክቱ ማስረጃው ያ ነው።

ጥገና ቤት ስሰጥ ምን ልጠንቀቅ?

እኛንም ጭምር። ላፕቶፕ ሲሰጡ ክፍት የሆነ ቴሌግራምዎን፣ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ፓስወርድ፣ የቤተሰብ ፎቶዎን አብረው ነው የሚሰጡት። ከመስጠትዎ በፊት ከቴሌግራምና ከኢሜይል ይውጡ፤ የግል ፎቶ ካለ ቀድተው ያንሡት። ሲረከቡ «ምን ጫናችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ በመጀመሪያ ያልነበረ አንቲቫይረስ ተጨምሮ ካዩ ለምን እንደሆነ ያስረዱዎ። ጊዜ ካለዎት ደግሞ ጥለውት አይሂዱ። እኔ ጋ ከጠረጴዛው አጠገብ አንድ ትርፍ ወንበር አለ፤ ለዚሁ ነው ያስቀመጥኩት።